ዓይናችን ላይ የታጠረው አጥር

ብምልም እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እምላለሁ፣ ጊዮርጊስን! ልጅ ሳለሁ፣ ከእንጅባራ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ አያ ስንሻው የሚባሉ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። በቀትር ማዶ ኮረብታ ላይ የቆመችውን ፍየል የጢሟን ፀጉር ቆጥረው ይነግሩናል፤ እግራቸው ሥር ካለው በርጩማ ጋር ሳይላተሙ የዋሉበትን ቀን ግን አላስታውስም። ሲመሽ ደግሞ፣ ዶሮ ቆጥ ስትወጣ ዓይናቸውም አብሯት ይወጣል። ዳፍንት ነው።

ሌላው ሰው ከአባቱ መሬት ይወርሳል፣ የእኛ ቤት ዳፍንት ይወርሳል። አያቴ ለአያ ስንሻውና ለአባቴ አወረሱ፣ አባቴ ለእኔ። በርስት የተካሰሰ አገሩን ሞልቶታል፤ በዚህኛው ርስት ግን «ድርሻዬ አነሰች» ብሎ ዳኛ ፊት የቆመ አንድም ሰው የለም።

ያኔ፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ጣሪያውን በጭሱ ሲያጠቁር፣ ፍሙም እንደ ድመት ዓይን ሲያበራ፣ እኛ ልጆች በአያ ስንሻው ግራና ቀኝ ተኮልኩለን ተረት እንሰማ ነበር። እሳቸው ፊት ለፊት ካለው ፍም በቀር የሚያዩት ስላልነበረ ሕግ አወጡብን። ተረቱ መሃል «ግራ!» ሲሉ በግራ ያለነው፣ «ቀኝ!» ሲሉ በቀኝ ያሉት «አለሁ!» ማለት አለብን። መልስ ከጠፋ ተረቱ ይቆማል፤ ጅቡም አህያዋን ሊበላ አፉን እንደከፈተ እዚያው ያድራል። እኔ በአራት እግሬ ድሄ ከግራ ወደ ቀኝ እዞርና «አለሁ!» እላለሁ። «ይቺ ድምፅ ድንበር ገፍታለች» ይሉኛል፤ ጆሯቸው ሳት አትልም።

ከተረቶቹ ሁሉ የምንወደው የራሳችንን ነበር። ቅድመ አያታችን ዓይኑ ከመስፋቱ የተነሣ እዚህ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫግኒ ገበያ ማን ማንን እንዳታለለ ያይ ነበር አሉ። ጎረቤት ተማረረ፤ ሚስቱን የሚሸሽ ባል መሸሸጊያ አጣ። ለፈጣሪ አቤት ቢሉ፣ ፈጣሪ የዘራችንን ዓይን ዙሪያውን አጠረው። አጥሩም በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ ወደ መሃል ይጠጋል። «ውሸት ነው!» እንል ነበር በሳቅ። «ጠብቁ» ይላሉ።

እሳቸው ታዲያ ፈረሰኛ ነበሩ። አንድ ጥር፣ በፈረሰኞች ዓመታዊ በዓል፣ በግልቢያው ሜዳ፣ ከጎናቸው የመጣውን ፈረሰኛ ሳያዩት ተላተሙና ሁለቱም የጠላ ጋን ላይ አረፉ። የጠላው ጎርፍ ሦስት በግ ወስዷል፤ አራተኛውን እንጃ። በዓመቱ የፈረሰኞቹ አለቃ አያ አለኸኝ «ከሐኪም ወረቀት ካላመጣህ ኮርቻ ላይ አትወጣም» አሏቸው። አያ ስንሻው ያን ለት እራት አልበሉም፣ ተረትም አላወሩ። «የበዓሉን ቀን በእግሬ ከምቆም ሣጥን ውስጥ ብተኛ ይሻለኛል» ብቻ አሉ።

በሚኒባስ ተሳፍረን ከተማ ወዳለ የዓይን ሐኪም ሄድን፤ እኔም ወራሽ ነኝና ተወሰድኩ።

«አባቴ፣ የእይታዎን ወሰን ልንለካ ነው» አለች ወጣቷ ሐኪም።

«ምነው ልጄ፣ መሬቱን ለክታችሁ ጨረሳችሁ?»

ገበቴ የሚያህል ነጭ ጎድጓዳ ማሽን ፊት አስቀምጣ አገጫቸውን አስደገፈቻቸው፣ አንድ ዓይናቸውን ሸፈነችና ቁልፍ አስጨበጠቻቸው። «መሃል ያለችውን ነጥብ ብቻ ይዩ። በዳር ብርሃን ብልጭ ሲል ይጫኑ፤ ዓይንዎን ግን ወደ ብርሃኑ እንዳያዞሩ።» ክፍሉ ጨለመ። ማሽኑ ጭቅ ይላል፣ አያ ስንሻው ይጫናሉ። ጭቅ፤ ጫን። አንድም አላመለጣቸው! እኔ ከኋላ ሆኜ በደስታ ልበር ደረስሁ፤ ዳኑ!

ሐኪሟ ግን ሳቋ መጣ። «አባቴ፣ ማሽኑ ሆነ ብሎ ድምፅ ብቻ የሚያሰማበት ጊዜ አለው። ያልበራ ብርሃን አይተዋል እኮ!»

«ያልበራውን ካየሁ የበራው እንዴት ያመልጠኛል?»

ለካ እሳቸው፣ ከጎን ድምፅ ሲመጣ ከእኛ አንዱ «አለሁ» ያላቸው እየመሰላቸው ነበር የሚጫኑት። እንደገና አስጀመረቻቸው፣ ጆሯቸውን ደፍና። ወረቀቱ ወጣ፤ ዙሪያው ከሰል፣ መሃሉ ላይ ሽምብራ የምታህል ነጭ። ከዓይን በስተጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን በዘር እየመጣ ከዳር እንደሚሞት፣ የሞተውን የሚመልስ መድኃኒት እሷ ዘንድ እንደሌለ፣ ሳትሸፋፍን ነገረችን። የእኔም ወረቀት ወጣ። ዳር ዳሩ መጥቆር ጀምሯል።

በመመለሻችን እኔ አለቀስሁ። አያ ስንሻው ሁለቱን ወረቀቶች ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሳቁ። «አየሽ? አጥሩን ሐኪሟም አገኘችው! ተረቴን ውሸት ስትሉ የነበራችሁ፣ አሁን በወረቀት መጣላችሁ። ይጠጋ፤ አጥር ድምፅ አያግድም። ከውስጥ ሆነን እንጮሃለን።»

የፈረሰኞቹ ሽማግሌዎች ወረቀቱን አይተው ሊወስኑ እቤታችን ተሰበሰቡ። አያ ስንሻው፣ ሁለት የወንድም ልጆች በግራና በቀኝ አብረዋቸው እየጋለቡ «አለሁ!» እንዲሏቸው ጠየቁ። አያ አለኸኝ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስተው አገላበጡት።

ኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ጋለቡ! «አለሁ! አለሁ!» የሚለው ጩኸት ዳንግላ ድረስ ተሰምቶ፣ እዚያ ያሉ ሰዎች እንግዳ መጣ ብለው በር ከፍተዋል። ዛሬ የእኔም አጥር አፍንጫዬ ሥር ደርሷል። ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ገበያ ስወርድ ልጆቼን ግራና ቀኝ አሰልፌ «አለሁ» አሰኛቸዋለሁ፤ «እብዷ መጣች» ይላል ገበያተኛው፣ ይበል፣ መንገዱን ግን ይለቅልኛል። ከዚያ ሁሉ ምሽት፣ ከዚያ ሁሉ ጅብና ፍም፣ የቀረችልኝ ይቺ አንዲት ቃል ናት፤ በቅታኛለች።

ደግሞ አንድ ሳቅ ቀርቶልኛል። ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡ ለት አያ አለኸኝ ወረቀቱን አስቀምጠው «ምን ላድርግ ጎበዝ፣ ወረቀቱ ጎኑን አያይም ይላል እኮ!» ሲሉ፣ በወንዶች ሸንጎ ትንፍሽ ብላ የማታውቀው የአያ ስንሻው ሚስት፣ እትዬ ጥሩዬ፣ የጠላውን እንስራ ዱብ አድርጋ አስቀምጣ ሸንጎውን በሳቅ አፈነዳችው፦

«ፈረሱን ስጡት ወዲያ! ጎኑን እንደማያይ ለማወቅ ነው ከተማ ድረስ የላካችሁት? ሠላሳ ዓመት ጎኑ ስተኛ እኔን መች አየኝና!»