የት ጋ ነው የሚያምህ?

ትናንት የቀበርናቸው አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ሕመምን ነበር። ሚጥሚጣና እሳት ነርቭ ውስጥ የሚገቡት በአንድ በር ነው ይሉ ነበር። ከአልዩ አምባ ገበያ የገዙትን ሚጥሚጣ ምላሳቸው ላይ ነስንሰው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚያቃጥላቸው በሰዓታቸው ሲቆጥሩ አይቻለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ውስጥ እግሬን ተገርፌ ከእስር ስፈታ፣ ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን በጠያቂ ተሞላ። ሁሉም «ተመስገን፣ ዋናው መትረፍህ ነው» አለኝ። አጎቴ ብቻ ደብተር አውጥተው እግሬ ሥር ቁጭ አሉ።

«የት ጋ ነው የሚያምህ?»

«አሁን ደህና ነኝ፣ ጋሼ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ይወጋሃል፣ ያቃጥልሃል ወይስ ይጠዘጥዝሃል?»

እናቴ በሩን ዘግታ «ኧረ በማርያም አይጻፉት፣ ያስይዘናል!» አለች።

«ካልተጻፈማ አልተደረገም ይሉናል» አሉና አንድም ሳያስቀሩ ጻፉት። ከታሰርኩ ወዲህ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

ብርድ ሲሆን እግሬ ዛሬም ይጠዘጥዘኛል። እንዴት እንደሚያመኝ የሚጠይቀኝ ግን የለም።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ የአጎቴን ባለቤት «ይብቃዎት፣ ይቻሉት» ይላቸዋል። እኔ ግን የአጎቴን ደብተር ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?» አልኳቸውና እስኪነግሩኝ ጠበቅኩ።