የግንበኛው ክር

ባሌ ግንበኛ ነው። እጁ ሞረድ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ልጃችንን ሲያቅፍ እንኳ የብርድ ልብሱን ክር ይመዛል። አባቴም ከተጋባን ጀምሮ «ግንበኛው» እንጂ ሌላ ስም ሰጥቶት አያውቅም። «ግንበኛው መጣ?» «ግንበኛው በላ?»

«አንድ ቀን እንኳ ሌላ ነገር ቢለኝ ምናለ?» ይለኛል ባሌ። ይከፋዋል።

አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ዓሣ ማጥመድ ሆኗል፤ ያውም በትል አይደለም። ትንሽ መንጠቆ ላይ ላባ በክር እየጠመጠመ ዝንብ ይሠራል፤ ዓሣው እውነተኛ ዝንብ መስሎት ይውጠዋል። ባሌ ታዲያ አንዷን ሠርቶ ሊሰጠው ቆረጠ።

መጀመሪያ የስፌት ክሬን አነሣ። ወፍራም ስለሆነ ገና በጥቂት ዙር የዝንቧ ራስ ሽንብራ አከለ።

«ይቺማ ጢንዚዛ ናት!» አልኩት።

ተናዶ ከፀጉር የሚቀጥን ክር ገዝቶ መጣ። ያ ክር ደግሞ ሻካራው ጣቱ እየያዘው ይተለተላል። ጠበቅ ሲያደርገው ብጥስ፣ ሲያላላው ላባው እርግፍ! «ልሥራልህ?» ብለው አኮረፈኝ።

ከዚያ የእጅ ቅባቴ ይጎድል ጀመር። ለካስ ጌታው ማታ ማታ እጁን እያሸበት ነው! ሥራ ቦታ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ሲል ጓደኞቹ «ሙሽራው መጣ!» እያሉ መሳቂያ አደረጉት። የለሰለሰ ጣቱንም ድንጋዩ ላጠው። ክሩ ግን እሺ አለው። ሊበጠስ ሲል እጁ ላይ ይታወቀው ጀመር፤ እዚያች ጋ ሲደርስ መሳቡን ያቆማል።

እሑድ የጨረሳትን ወንዝ ዳር ለአባቴ ሰጠው። አባቴ ዝንቧን አገላብጦ አያት፣ አሸተታት።

«ሽቶ ምን አመጣው? ይቺን ዓሣ አይጠጋትም» አለና ባርኔጣው ላይ ሰካት።

ባሌ ፊቱ ጥቁር አለ። «ውሃ እንኳ አላስነካትም» አለኝ በሹክሹክታ። እኔም አባቴን በዓይኔ ልበላው ደረስኩ።

ወዲያው አንድ የማጥመድ ጓደኛው መጥቶ ባርኔጣውን አየና «እንዴት ያለች ናት! ከየት ገዛሃት?» አለው።

«ምን ግዢ አለው? ልጄ ነው የሠራልኝ።»

«አንተ ያለችህ አንዲት ሴት ልጅ አይደለች እንዴ?»

«ወንድ ልጅም አለኝ» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ።

ባሌ ዞር ብሎ ፊቱን በዚያ በተላጠ እጁ ጠረገ። እኔ ዕድሜ ልኬን የአባቴ አንድ ልጅ ነበርኩ፤ አልዋሽም፣ ትንሽ ቀናሁ። ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ራሴ ሌላ ቅባት ገዛሁለት።