የእንግሊዞቹ የዘር ሐረግ በቀበሌ ጠረጴዛ ላይ

እኔ የመጣሁት ዘር ቆጠራ ከሚወደድበት አገር ነው። አባቴ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያቆም ሰው አልነበረም፤ ርስት እስኪያገኝበት ድረስ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። አንድ ቅድመ አያት ቢጎድልበት ከጎረቤት የሚበደር ይመስለኛል። ስለዚህ ጂንካ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር የአንድ እንግሊዛዊ ቤተሰብ የዘር ሐረግ በፖስታ ሲመጣልኝ ብዙም አልገረመኝም። መደንገጡ የመጣው ኋላ ነው።

ደብዳቤው የደረሰኝ አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ ነው። አድራሻው «ለእንግሊዝኛ መምህር፣ ጂንካ» ይላል፣ ሌላ የለውም። ከተማው መሃል ባለው የሣር ሜዳ ላይ የምታርፈው አውሮፕላን በዝናብ ምክንያት ቀርታ ስለነበር ፖስታው ትንሽ ሻግቷል። የጻፈችው ዕድሜዋ ሰባ የደረሰ፣ ያላገባች ሴት ናት። ቤተሰቦቿ ከጥንት ጀምሮ መሬትና ትልቅ ቤት ያላቸው፣ ልጆቻቸውን ለጦር ሠራዊት የሚሰጡ ባላባቶች ናቸው። ከእሷ በኋላ ታሪካቸውን የሚሰበስብ ስለሌለ የቤተ ክርስቲያን መዝገብና የመቃብር ድንጋይ ስታገላብጥ ዓመታት አሳልፋለች። የጎደላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ። ጣልያን ከአገራችን በተባረረ ጊዜ ሻምበል ሆኖ ከኬንያ በኩል ወደ ኦሞ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ የደረሰበት አልታወቀም። መንግሥቷ የነገራትም ይህንኑ ነው።

ሐረጉን አብራ ልካልኛለች። ስዘረጋው አልጋዬን ሞላው። እያንዳንዱ ሰው በሳጥን ውስጥ ተጽፏል፤ ሳጥኖቹ በመስመር ተያይዘዋል። ታላቅየው መሬቱን ይወርሳል፣ ተከታዩ ወታደር ይሆናል፣ ሦስተኛው ይቀስሳል፤ እንደገና ታላቅየው ይወርሳል። ካፒቴኑ፣ ሜጀሩ፣ ኮሎኔሉ ብዛታቸው! አንዱ ህንድ ነው የሞተው፣ አንዱ ፈረንሳይ፣ አንዱ መርከብ ላይ። ሴቶቹ ግን ከባሎቻቸው ሥር በቀጭን ብዕር ተወሽቀዋል። ይህን ሁሉ የደከመችው እሷ ራሷ ዳር ላይ በስሟና በአባቷ ስም መነሻ ሁለት ፊደል ብቻ ነው የተቀመጠችው። ተናደድኩላት። ከእሷ ጎን የወንድሟ ሳጥን አለ። ማዕረጉ፣ ስሙና የተወለደበት ዓመት ተጽፏል፤ የሞተበት ዓመት መጻፊያው ባዶ ነው፤ ከሥሩ «ጂንካ» ብላ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች።

ሰው መርዳት እወዳለሁ፤ አዋቂ መባልንም አልጠላም። ብዕርና ደብተር ይዤ ወጣሁ። ከደጋ የመጡትን ነጋዴዎች ጠየቅሁ፣ ከዲመካ ከብት የሚነዱትን ጠየቅሁ። የትምህርት ቤታችንን ዘበኛም ጠየቅሁ። በካኮ በኩል ያደጉ የአሪ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ ነው የምንላቸው። «በጣልያን ጦርነት ማብቂያ በዚህ ያለፈ እንግሊዛዊ መኮንን ያውቃሉ? ሻምበል ነው፣ ዓመቱ ይህ ነው፣ ጦሩ ያ ነው» ብዬ ዘረዘርኩላቸው። አባባ ብዕሬን አዩና «እኔ የማውቀው በር መጠበቅ ነው» አሉኝ። ለሴትየዋ አላገኘሁም ብዬ ጻፍኩላት። ሐረጉ ግን እኔ ጋ ቀረ፤ የጭቃ ግድግዳዬን ስንጥቅ ስለሚሸፍንልኝ ሰቀልኩት። ግድግዳ መሸፈኛ ያደረግሁት ወረቀት ሊያሳስረኝ እንደሚችል በየት በኩል አስባለሁ?

ሁለት ሦስት ዓመት አለፈ። የአሰሳው ሰሞን መጣ፤ ቤት ለቤት መሣሪያና ወረቀት ይፈለጋል። እኔ ቤት የገባው ካድሬ በቅርቡ ከመሃል አገር የተላከ ወጣት ነው። ክፉ አልነበረም፤ ክፉ መሆን የሚገባው ግን ይመስለው ነበር። ከሐረጉ ፊት ቆሞ ሳጥኖቹን በጣቱ ተከተለ። ከላይ አንድ፣ ከሥሩ ሦስት፣ ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ ሌሎች። ማዕረግ በማዕረግ። የዚያን ጊዜ የሕቡዕ ድርጅት ሰዎች በሕዋስ በሕዋስ ነው የሚደራጁት፤ አንዱ የሚያውቀው ከበላዩና ከበታቹ ያለውን ብቻ ነው፤ በእውነተኛ ስማቸውም አይጠሩም። ካድሬው ይህን ሁሉ ኮርስ ላይ ተምሮ ነው የመጣው። ወረቀቱን በጥንቃቄ ከግድግዳው አላቀቀና «ጓድ መምህርት፣ እንሂድ» አለኝ።

ቀበሌው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። «የዘር ሐረግ ነው» አልኩት። «ዘር ቆጠራማ የፊውዳል ነው» አለና በዚያም ጥፋት ጨመረልኝ። ሁሉም የሞቱ እንግሊዞች ናቸው አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። «ይሁን፣ ሞተዋል እንበል። የተወለዱበትም የሞቱበትም ተጽፏል። ይኼኛው ግን ሞተ አይልም።» ጣቱን ሻምበሉ ላይ አደረገ። «ጂንካ ነው የሚለው። ስለዚህ በሕይወት አለ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ። ይህ የትግል ስሙ ነው። ትክክለኛ ስሙ ማነው?»

«ጓድ፣ ይሄ እኮ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው!» አልኩ። አፌ አያርፍም። ጠረጴዛውን ደበደበና ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ። ስሙን ከጻፍኩ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ካልጻፍኩ ወደ አርባ ምንጭ እላካለሁ። በዚያ ሰሞን ተልኮ የተመለሰ አላየንም።

የቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ታሰርኩ። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። በሁለተኛው ቀን አንድ ስም ወደ አእምሮዬ መጣ። የሒሳብ መምህሩ። እንግሊዝኛዬን በተማሪ ፊት ያሾፍበት ነበር፤ እኔም አንድም ቀን ደህና አድርጌ ሰላም ብዬው አላውቅም። እርሳሱን አንስቼ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ። አየሁት። በምራቄ እያራስኩ በአውራ ጣቴ ፈተግሁት፤ ወረቀቱ ተቀደደ። ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ቤተሰብ ስለሌለኝ ምግብ የሚያመጡልኝ አባባ ነበሩ። «ምን አደረግሽ ነው የሚሉት?» አሉኝ በር ላይ። «ወረቀቱ ላይ ያለውን ሻምበል፣ ያን የእንግሊዝ መኮንን፣ የት እንዳለ ንገሪን እያሉኝ ነው።» ሳህኑን ሰጥተውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካድሬው ፊት ቀረብኩ። የተቀደደውን ባዶ ወረቀት አስቀመጥኩለት። ሊናገር ሲል አባባ ገቡ። ካድሬውን አልፈሩትም።

«አንተ ልጅ፣ እሷን ተዋት» አሉት። «ያንን ሰው እኔ አውቃለሁ። እኔ ነኝ የቀበርኩት።»

ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የጠቆረ፣ ጠፍጣፋ የብር የሲጋራ መያዣ ነው።

«ጣልያን የሸሸ ጊዜ ነው። ወባ ይዞት ከቆላ አመጡት። ጓደኞቹ ቸኮሉ፣ ወደ ፊት ሄዱ። እኛን አራት ሰው ጠሩ፣ ወደ ደጋ አውጡት አሉ። በቃሬዛ ተሸከምን፣ ሦስት ቀን። ውኃ እንሰጠዋለን፣ ይመልሰዋል። ካኮ ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ሞተ። ቀበርን፣ ድንጋይ ከመርን። ከዚያ ፈራን። ነጭ ሰው እጃችን ላይ ሞተ ብንል፣ ገደላችሁት ይላሉ። ይኼን ደግሞ ሊሞት ሲል እኔ እጅ ላይ አደረገ፣ እጄን ያዘኝ፣ አለቀቀኝም። ሰረቅህ ይላሉ። አራታችን ላንናገር ማልን። ሦስቱ ሞቱ። እኔ ቀረሁ።»

ካድሬው መያዣውን በሸሚዙ ጠርዝ አሸው። ከጥቁሩ ሥር የተቀረጸ ጽሕፈት ወጣ። ከሐረጉ አጠገብ አድርጎ እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ አመሳከረ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ስሙ አንድ ነው።

«መቃብሩን ታሳየኛለህ?» አላቸው።

«ዛሬ እንሂድ። አሁን።»

በመስኮት አየ። ውጭ የቆመችው ላንድሮቨር ካኮ አድርሳ የምትመልስ ነዳጅ አልነበራትም፤ ዳገቱንም በእግር ሊወጣው የሚፈልግ አይመስልም። ብዙ ካሰበ በኋላ ብዕሩን አነሳና በሻምበሉ ሳጥን ውስጥ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ በአማርኛ «ሟች፤ ተጣርቷል» ብሎ ጻፈበት። ፈረመ። ማኅተሙን አፉ ላይ አድርጎ ተነፈሰበትና አሳረፈው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ። የሲጋራ መያዣው ኤግዚቢት ነው ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

በሩን እንዳለፍኩ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሳቄ መጣ፣ ማቆም አቃተኝ። እፎይታ እንዲህ የሚያሳብድ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። አባባ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ንብረትዎን ወሰደብዎት አልኳቸው። «ይውሰደው» አሉ። «ከወጣትነቴ ጀምሬ ጣራ ሥር ስደብቀው ኖርኩ። ዛሬ ተኝቼ አድራለሁ።» ፊታቸው እውነትም ቀለል ብሎ ነበር።

መንገድ ስንጀምር ግን ሳቄ ወደ ቁጣ ተለወጠ። «አባባ፣ ያኔ ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም? ሦስት ቀን ታሰርኩ እኮ!»

«ያኔ የፈለግሽው መኮንን ነው። ማዕረግ ነገርሽኝ፣ ዓመት ነገርሽኝ፣ ብዕር ይዘሻል። ብዕር የያዘ ሰው መኮንን ሲፈልግ እኛ ዝም ነው የምንል። ማነው የሚፈልገው?»

«እህቱ።»

ቆሙ። «እህት አለው?»

«ታላቁ ናት። አርጅታለች።»

«እህቱ ትፈልገዋለች ብትዪኝ ያን ቀን እነግርሽ ነበር» አሉኝ።

የስንት ትውልድ እንግሊዝ ማዕረግ በቃሌ ስሸመድድ፣ ያቺ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣችም ነበር።

በማግስቱ ሐረጉን ከነማኅተሙ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፤ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት የሚጠራጠር እንደሌለ ገብቶኛል። ደብዳቤውን ስጽፍ አባባ በርጩማ ስበው ጎኔ ተቀመጡ፤ ምን እንደምጽፍ የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው። ማዕረግም ዓመትም አላነሳሁም። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ወንድምሽ ሲሞት እጁን ይዞት የነበረው ሰው አሁን አጠገቤ ተቀምጧል።»