ያለ ሽንኩርት እስከ አሌክሳንድሪያ

ቅዳሜ ንጋት 12፡20፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጎህ ሲቀድ ድስቱን አቅፌ ወረድኩ። ጎረቤቴ ሚስስ ሻንታ ነጭ ሳሪ ለብሰው፣ በጄሶ የታሰረ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በር ላይ ይጠብቁኛል። የቤንጋል ሰው፣ ሂንዱ ናቸው። ዛሬ እዚሁ አሜሪካ፣ ወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤተ መቅደሳቸው የአንድ ቅዱስ አባት መታሰቢያ ነው። እኚህ አባት በድህነት ኖረው፣ የፈጣሪያቸውን ስም እየዘመሩ ነው አሉ የሞቱት።

ሚስስ ሻንታ አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ለዚህ ቀን ከቤታቸው ድስት ቀርቶ አያውቅም። ባለቤታቸው አረፉ፤ ዘንድሮ ደግሞ እጃቸው ተሰበረ። «የኛ ቤት ሊቀር ነው» ብለው ሲያለቅሱ አላስቻለኝም፤ እኔ ልሥራልዎት አልኳቸው። ሥጋና እንቁላል አይገባም አሉኝ። የጾም ወጥማ ያደግኩበት ነው! ቀይ ክክ ወጥ ሠራሁ።

1፡00፣ ቤልትዌይ፣ ቀለበት መንገዱ ላይ

ባለታክሲው ጋሽ መኮንን መስኮት ከፍተው ሳቁ።

«ልጄ፣ ይሄ ቁሌት እኮ ሰው ይገድላል!»

ሚስስ ሻንታ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። እኔ ሞኟ በኩራት «ሽንኩርቱን ነው፤ ሦስት ኪሎ አቁላልቻለሁ፣ ነጭ ሽንኩርትም አለው» አልኳቸው።

ወደ ድስቱ ዞር አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው በእንግሊዝኛ አስረዱኝ፤ ለአምላካቸው በሚቀርብ ምግብ ሽንኩርት የሚባል ነገር አይገባም። «ልነግርሽ ይገባ ነበር» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ቼክ ሳታደርጊ ነው እንዴ ኩክ ያደረግሽው?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«አይሳቁብኝ! ሀያትስቪል ኤግዚት ያድርጉልኝ። ክክ ልግዛና ቤተ መቅደሱ ኪችን ውስጥ እንደገና እሠራለሁ። ይሄኛውን እርስዎ ይውሰዱት።»

መሪውን ሲያዞሩ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

2፡00፣ ሀያትስቪል፣ የሐበሻ ሱቅ

ቢጫ ክክ፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ እርድ። እጄ ወደ በርበሬው ሲሄድ ደነገጥኩ፤ በርበሬያችን ራሱ ነጭ ሽንኩርት አለበት። ለካ ሙያዬ የምለው ግማሹ ሽንኩርት ኖሯል!

3፡10፣ አሌክሳንድሪያ

ድልድዩን ተሻግረን ደረስን። ከአዳራሹ ከበሮና መዝሙር ይሰማል። በቤተ መቅደሱ ድስት ክኩን ጣድኩ። በስሎ ሲፈርስ እንደ ልማዴ ከማንኪያው መዳፌ ላይ ጠብ ላደርግ ስል ሚስስ ሻንታ በደህና እጃቸው ያዙኝ።

«አትቅመሺ። መጀመሪያ ለእሱ ነው።»

ጨው በግምት! ላብ አጠመቀኝ። ሳማስል ስለ ቅዱሱ ነገሩኝ። ያቺን የዕለት ጉርሳቸውን ተርበው እንኳ ለአምላካቸው ሳያቀርቡ አይቀምሷትም ነበር። እምነቴ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለው ፍቅር ግን አስቀናኝ።

6፡00

ደወል ተደወለ፣ ድስቱ ቀረበ፣ ከዚያ ለሕዝቡ ታደለ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝና ከዚያ አልበላም፤ ሚስስ ሻንታም ያውቃሉ፣ አላስገደዱኝም። ስለዚህ የጨዉን ነገር ከሰው ፊት ላነብ በር ላይ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ጎርሰው ቆም አሉ። ማተቤን ጨበጥኩ። ሳህናቸውን እንደገና ዘረጉ!

በመጨረሻ ሚስስ ሻንታ ድስቱን በግራ እጃቸው አንጠልጥለው መጡ።

«ጨዉስ?» አልኳቸው።

ድስቱን ገለበጡት። ጠብ ያለ ነገር የለም።

«የኛ ቤት አልቀረም» አሉና አቀፉኝ።

እልልታዬን አቀለጥኩት። ከአዳራሹ የቤንጋል ሴቶች በራሳቸው እልልታ መለሱልኝ።