ባህሪያና ጨርቅ የለበሰው መጽሐፍ

ጎረቤቴ ባህሪያ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ መጽሐፍ ታከራይ ነበር። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያቆማት አልተገኘም። ስስ ሽፋን ያላቸው መጻሕፍት ቶሎ እንዳያልቁባት የሳሙና ካርቶን ቆርጣ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ በመዘዘችው ክር እየሰፋች ታለብሳቸዋለች። ስለዚህ ለእሷ ጠንካራ ሽፋን ማለት ካርቶን ብቻ ነው፤ «ውስጡ ያው ነው» ትል ነበር።

ከመጻሕፍቷ ሁሉ የሚፈለገው ወደ አሰንዳቦ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለተገደለ የቡና መኪና ሾፌር የሚተርከው እውነተኛ ታሪክ ነው። የባህሪያ ባል ኢስሃቅ ያኔ በልጅነቱ የዚያ መኪና ረዳት ነበር። መጽሐፉ ግን «ረዳቱ ሸሸ» ብሎ ያልፈዋል። ባለሻይ ቤቱ ጠሃ ይህን ካነበበ ወዲህ ኢስሃቅን ባየ ቁጥር፣ «መንገድ ልቀቁ፣ ሯጩ መጣ» ይላል። ኢስሃቅ ሰው ልጠራ ነው የሮጥኩት ቢልም፣ የታተመ ነገር ማን ይረታል? ኢስሃቅ በሻይ ቤቱ በኩል ማለፉን ተወ። ባህሪያም መጽሐፉን ከሚከራዩት ሳጥን አነሳችው፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ አንብቦታል።

አንድ ቀን ሰናይት የምትባል የኮሌጅ አስተማሪ የዚያኑ መጽሐፍ የድሮ እትም ይዛ መጣች። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ፣ የጀርባው የወርቅ ጽሑፍ የለቀቀ። ባህሪያ ሳትከፍተው ሳቀች። «እኔም እኮ እንዲህ አለብሳቸዋለሁ።» ሰናይት ግን «የእርስዎ ታዲያ ለምን ቀጠነ?» አለቻት።

ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። በድሮው ፊደሉ ሰፋ ያለ ነው፤ ጠርዙ ላይ አውራ ጣት ይተኛል። የእኛው ግን ወረቀት ከገበያ በጠፋበት ጊዜ የታተመ ነውና መስመሩ ተጣቧል፣ ፎቶ የለውም። እኔ ካርቶኑን፣ ባህሪያ ጨርቁን ይዘን ተራ በተራ አነበብን። «ረዳቱ ሸሸ» ብዬ አበቃሁ። እሷ ግን አላበቃችም።

«ረዳቱ ሸሸ ቢባልም፣ አሰንዳቦ ድረስ ሮጦ ፖሊስ ባይጠራ ገዳዮቹ ባልተያዙ ነበር።»

ገጹን ገለጠች። ቀጥሎ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ በታተመ ፎቶ አንድ እግሩ ብቻ ጫማ ያለው ቀጭን ልጅ ቆሟል።

«ያ ረቢ፣ ኢስሃቅ ነው» አለች። ሻሿ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

ሰናይት መጽሐፉን በሌሎች መጻሕፍት ለወጠቻት። ኢስሃቅ ፎቶውን አተኩሮ አየና፣ «ያ ጫማዬ እስካሁን አልተገኘም» አለ።

ባህሪያ ይህን ለማንም አታከራይም ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን ያለ ኪራይ አወጣችው፣ ለጠሃ። ሻይ ቤቱ ድረስ ያደረሰው ራሱ ኢስሃቅ ነው፤ በመንገዱ መሐል፣ ቀስ ብሎ እየተራመደ።