ዘጌ ላይ የተቆረጠችው በትር

ባሌን “ዘጌ እንሂድ” እያልሁ ስወተውተው ዓመት አለፈ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ እሺ አለኝና ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻገርን። የፈለግሁት ትንሽ ነገር ነበር፤ እዚያ ጥንታዊ የገዳም ደን ውስጥ ገብቼ፣ ዝም ብዬ፣ ጉሬዛ ማየት።

ዝምታ ከእሱ ጋር የት ይገኛል! ከጀልባው ከወረድንበት ጊዜ ጀምሮ፣ ከፋብሪካ ባልደረባው ጋር ስለተበላሸ ማሽን በስልክ ይጨቃጨቃል። ከፊታችን የነበሩት ወፎች ብርር ብለው ጠፉ።

“ቀስ ብለህ አውራ እንጂ” ስለው፣ “ወፍ ደግሞ አማርኛ ይሰማል?” አለኝ።

ዳገቱ ሲከብደው ሰንጢውን ከኪሱ አወጣና አንዲት ለጋ ዛፍ ቆርጦ መመርኮዣ አደረጋት።

“የገዳም ደን እኮ ነው፤ እንጨት አይቆረጥበትም” አልሁት።

“ለአንዲት ጭራሮ!” አለ።

ትንሽ እንደሄድን ደኑን የሚጠብቁ አንድ መነኩሴ መንገዱ ዳር ቆመው አገኘናቸው። ዓይናቸው በትሩ ላይ ነው።

“ይህን ከየት አመጣኸው፣ ልጄ?”

“ወድቆ አገኘሁት፣ አባ።”

የተቆረጠው ጫፍ ገና እርጥብ ነው። መነኩሴው ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺስ ምን ትያለሽ?”

ደሜ ፈላ። እሱ ዋሽቶ እኔን ምስክር ሊያደርገኝ? “ቆርጦት ነው፣ አባ” አልሁ።

አልተቆጡም። ጀሪካን አንስተው ሰጡት። “በል፣ ከሐይቁ ውሃ እየቀዳህ እነዚያን ችግኞች አጠጣ።”

ባሌ እያጉረመረመ ቁልቁለቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሲወርድ፣ መነኩሴው በመቋሚያቸው ወደ ላይ ጠቆሙኝ። ጉሬዛ! ጥጥ የመሰለ ነጭ ግልገሏን አቅፋ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ወዲያው ግን ከታች “ስንት ችግኝ ነው የቀረው?” የሚል ጩኸት መጣ፤ እናትየዋ ዘልላ ቅጠል ውስጥ ጠፋች።

ስንመለስ ጀልባው ላይ፣ “የገዛ ሚስቴ አሳልፋ ሰጠችኝ” ብሎ አኮረፈ። እኔም አልለመንሁት።

በማግስቱ ለጎረቤቶቻችን ሲያወራ ሰማሁት። “ዘጌ ሄጄ በፈቃዴ ችግኝ ሳጠጣ ዋልሁ። ወገቤ ተቆረጠ እንጂ ደስ ይላል።” አንዷ ጎረቤታችን ደግሞ “እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል!” ብላ አደነቀችው። እኔ በሩን ዘግቼ ገባሁ።