ከሆቴሉ ጓሮ ያለው ቦረቦር

ይርጋነሽ የተወለደችው ሞጣ ነው፤ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ከሰፈሩበት የከተማው ዳርቻ። አባቷም ቆዳ አልፊ ነበሩ። ጓሯቸው በእምቧይ ውሃ ከተዘፈዘፈ ቆዳ ተለይቶ ስለማያውቅ፣ መንገደኛው ባጥራቸው ሥር ሲያልፍ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ጣል ያደርጋል። አንዳንዱም እንትፍ ብሎ ያልፋል። የዚያው ሰው ሚስት ግን ለዐውደ ዓመት አጎዛ ስትፈልግ ከእነሱ በር አትጠፋም። ይርጋነሽ የሽታን ነገር ገና በልጅነቷ ለይታ ያወቀችው እዚያ ነው። የቆዳ ሽታ በውሃና በፀሐይ ይለቃል። ተፍቶ ሄዶ በማግስቱ ፈገግ ብሎ የሚመጣው ሰው ሽታ ግን በምንም አይለቅም።

ትምህርቷን እንደጨረሰች የስፖርት አስተማሪ ሆና ቢቸና ተመደበች። እዚያው ከረመች፣ እዚያው አርባን አለፈች። አላገባችም። ለምን ብሎ የሚደፍራት ከተገኘ «የማንን ካልሲ ላጥብ?» ብላ አፉን ታስይዘዋለች። ባልደረቦቿ «ተጠያፊዋ» ይሏታል፤ እውነትም ትጸየፋለች። ትርፍራፊ በእጁ አፍሶ የሚያጎርሳትን ትጸየፋለች፤ በስብሰባ ላይ ሌባውን «ክቡር» የሚለውን ደግሞ አብልጣ ትጸየፋለች። ከልጆች ጋር ጭቃ ውስጥ ስትውል ግን ያ ሁሉ ይጠፋል። የትምህርት ቤቱን ስካውት ጓድ ሰብስባ ያቆመችው እሷ ናት። ገመድ አቋጣጠር፣ እሳት አነዳድ፣ ቁስል አስተሳሰር ታስተምራለች። ፊሽካዋ ሲነፋ ሰፈሩ ያውቀዋል።

ተዘግቶ የከረመው የሞጣ መንገድ ተከፍቶ ሰው እንደ ልቡ መመላለስ የጀመረበት መስከረም ነበር። ይርጋነሽ ልጆቹን ከሜዳው ጥግ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሰብስባ የመጪዎቹን ወራት ሥራ ነገረቻቸው።

«ከመስቀል በፊት ከገበያው ጀርባ ያለውን ቦረቦር እናጸዳለን። ከመስቀል ማግስት ሞጣ ሄደን እንሰፍራለን። እዚያ ከከተማው ዳር የቅኔ ቤት አለ። ተማሪዎቹ መጸዳጃ የላቸውም፣ እንቆፍርላቸዋለን። በጥር ደግሞ፣ እግዜር ካለ፣ ጉንደ ወይን ላይ ከገደሉ አፋፍ እንሰፍራለን።»

ሞጣ ሲባል ልጆቹ ጮኹ፤ ቦረቦሩ ሲባል ፊታቸው ተጨማደደ።

«ቲቸር፣ ቦረቦሩኮ ይገማል» አለች ብሩክታይት። ብሩክታይት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፈጣን፣ ምላሷም የማይታሰር።

«ስለሚገማ ነው የምናጸዳው። ከታች ያሉት ሴቶች ከዚያ ሥር ካለው ምንጭ ነው የሚቀዱት።»

ለጉዞው ድንኳን አልነበራቸውም። አቶ ስጦታው የሚባል ሰው ነው ልስጥ ያለው። ስጦታው ከቦረቦሩ አፋፍ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል የሠራ ነጋዴ ነው፤ የጓዱም «የበላይ ጠባቂ» ተብሎ ተሰይሟል። ድንኳን፣ መኪና፣ የሆቴሉ ስም ደረቱ ላይ የተጻፈበት ካናቴራም እሰጣለሁ አለ። ካናቴራው ከድንኳኑ ቀድሞ መጣ።

የጽዳቱ ቀን ስጦታው ነጭ በነጭ ለብሶ ደረሰ። ማይክራፎን አስተከለ። ስለ ንጽሕና ሲናገር ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «ከተማችን ቤታችን ናት! ንጽሕና የሌለው ትውልድ ነፍስ የሌለው በድን ነው!» አለ። ፎቶ አንሺው ጎንበስ ቀና ይላል። አዲስ አካፋ አምጥተውለት አንድ ጊዜ አፈር ዛቀና ለፎቶው ጥቂት ገትሮ ያዘው። ከዚያ አካፋውን ለአንዱ ልጅ አቀብሎ፣ እጁን በሶፍት ጠርጎ፣ ሶፍቱን እዚያው ጥሎ፣ ከባለሥልጣኖቹ ጋር ለምሳ ወደ ሆቴሉ ወጣ። ይርጋነሽ ሶፍቱን አየችው። አጎንብሳ አንስታ ማዳበሪያው ውስጥ ከተተችው፤ አፏን ሬት ሬት አላት።

ልጆቹ ወረዱ። ለሁሉም የሚበቃ ጓንት አልነበረምና እየተፈራረቁ ሠሩ። ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የሞተ ውሻ፣ የዶሮ ላባ፣ ፈርስ የቋጠረ የበግ ሆድ ዕቃ በማዳበሪያ እየሞሉ አወጡ። ይህንን ሁሉ ይርጋነሽ ጠብቃዋለች፤ የድሃ ከተማ ጉድፍ ነው። ከሆቴሉ አጥር ሥር ሲደርሱ ግን ብሩክታይት «እሪ!» አለች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ሰምጧል። ይርጋነሽ ሮጣ በብብቷ ስባ አወጣቻት። ልጅቷ ቋቅ ብሏት አስመለሰች፤ አጠገቧ ያለውም ልጅ ተከተላት።

በወጣችበት ጉድጓድ ላይ ቆሻሻው ተናደ። ከሥሩ ወፍራም የላስቲክ ቱቦ ብቅ አለ። ቱቦው ከሆቴሉ አጥር ሥር ይወጣል። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው እያዩ ሳለ አንድ ጊዜ ጓጎረና ለብ ያለ ቡናማ ፍሳሽ ተፋ። በፍሳሹ ላይ እንደዚያው ያለ ነጭ ሶፍት ተንሳፈፈ። ከላይ፣ ከሰገነቱ፣ የባለ ምሳዎቹ ሳቅ ይሰማል።

ይርጋነሽ ፊሽካዋን ነፋች። «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! እጃችሁን ወደ አፋችሁ እንዳትወስዱ!»

ልጆቹን አሳጥባ ወደየቤታቸው ከላከች በኋላ፣ ጭቃ እንደለበሰች ወደ ሆቴሉ ወጣች። ስጦታውን ጥርሱን በስቴኪኒ ሲጎረጉር አገኘችው።

«አቶ ስጦታው፣ ልጆቹ የሚዝቁት የእርስዎን ሽንት ቤት ኖሯል።»

ወዲያ ወዲህ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀስ በይ እንጂ፣ እንግዳ አለ። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይወስደዋል እኮ።»

«ወዴት ነው የሚወስደው? ከታች ሰው ይጠጣዋል።»

«እነሱ ለምደውታል» አለና ሳቀ። «ጉድጓድ እናስቆፍራለን፣ ችግር የለም። መስቀል ይለፍ። አንቺ ዝም ብለሽ ልጆችሽን አዘጋጂ። ድንኳኑ መጥቷል፣ መጋዘን ነው ያለው። ከታች ላሉትም ሳሙና እልካለሁ።»

ይርጋነሽ ፊቷን አዞረች። ሰውየው ቢቆጣት፣ ቢክዳት ይሻላት ነበር። ሳሙና እልካለሁ ያለበት ያ ደግነቱ ነው ያንገሸገሻት። ከሆቴሉ ወጥታ ከግንቡ ሥር አስመለሰች።

የደመራ ዕለት ከሌላ ከተማ የሚመጡ ትልልቅ እንግዶች በሆቴሉ ምሳ እንደሚጋበዙ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ይርጋነሽ በማለዳ ተነሥታ ብቻዋን ቦረቦሩ ውስጥ ወረደች። ልጆቹ ሰብስበው ሳያስወግዱት ከቀረው ቆሻሻ ጨርቁንና ፌስታሉን መርጣ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቀጠቀች። ማዳበሪያውን ጠቅልላ ቱቦው ውስጥ በእንጨት እየመታች አስገባችው፤ አፉን በድንጋይ ደፈነችው። ከዚያ ቤቷ ገብታ ተለቃልቃ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ደመራ ሄደች።

ምሳው ሳያልቅ ወሬው ደረሰ። የምድር ቤቱ ሽንት ቤቶች ወደ ላይ ገንፍለዋል። ፍሳሹ በኮሪደሩ አልፎ ክትፎ ከቀረበበት አዳራሽ ገብቷል። አንዱ እንግዳ ሱሪውን ሰብስቦ ወንበር ላይ ወጥቷል ይባላል፤ ሌላው በመስኮት ዘሏል ይባላል። የጠጅ ቤቱ ሰው ሁሉ ሳቀ። ይርጋነሽም ቤቷ ገብታ፣ በር ዘግታ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ሳቁ እስከ ማግስቱ ብቻ ቆየ። ለጉዞው ልምምድ ልጆቹን ስትሰበስብ ብሩክታይት የለችም።

«ሆቴል ናት» አለ አንዱ ልጅ። «እናቷን ልታግዝ።»

የብሩክታይት እናት ሰገነት የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ መሆኗን ይርጋነሽ ታውቅ ነበር፤ ትዝ ያላት ግን ያኔ ነው። ፊሽካዋን ለአንዱ ልጅ ሰጥታ ወደ ሆቴሉ ሮጠች።

ሰገነትን ያገኘቻት በኮሪደሩ ወለል ላይ ተንበርክካ ነው። በተቆረጠ ጀሪካን እየዛቀች ባልዲ ውስጥ ትገለብጣለች። ቦቲ የላትም፤ እጇ ላይ ፌስታል አስራለች። ብሩክታይት ባልዲውን እየወሰደች ትደፋለች፤ የስካውት ሻርፗ አፍንጫዋ ላይ ታስሯል። የበረኪናውና የፍሳሹ ሽታ ተደባልቆ ዐይን ይቆጠቁጣል። ይርጋነሽን የያዛት ማቅለሽለሽ ግን ከዚያ አልነበረም። የተጸየፈችው ራሷን ነበር።

«እታለም ሰገነት» አለች።

«ቲቸር፣ ምን ፈልገው ነው? እዚህ አይግቡ፣ ጫማዎ ይበላሻል» አለች ሰገነት ቀና ሳትል።

ይርጋነሽ ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን ወደ ላይ ቋጥራ ሌላ ጀሪካን ፈለገችና አጠገቧ ተንበረከከች። ጎን ለጎን ሲዝቁ ቆዩ።

«ቱቦውን የደፈንሁት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ።

የሰገነት እጅ ቆመ። ከዚያ «እርስዎ» ማለቱን ትታ ተናገረች።

«አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ። እሱ ይቅመሰው ብዬ።»

«እሱ!» ሰገነት ሳቅ የመሰለ ነገር አወጣች። «እሱማ ከትናንት ጀምሮ እዚህ አልደረሰ። እንግዶቹን ይዞ ሌላ ቤት ወሰዳቸው፣ እዚያ በሉ፣ እዚያ ጠጡ። ክፋቱ ሽታው እንኳ አልደረሰውም። የሰው ቆሻሻ ከላይ ቢወርድም እኛ ላይ ነው፣ ከታች ቢወጣም እኛ ላይ ነው። ይህን ሳታውቂ ነው ታስተምሪያለሽ የምትባይ?»

 ይርጋነሽ ጀሪካኗን ይዛ መዛቋን ቀጠለች።

እንዲህ እንዳሉ ስጦታው ከደረጃው ላይ ሆኖ ብቅ አለ። መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዟል። የሰማውን ሰምቷል።

«አንቺ ኖረሻላ! ድንኳን ገዛሁልሽ፣ ልጆችሽን አለበስሁ! የበላሽበትን ወጪት ሰባሪ! ለነገሩ ከፋቂ ልጅ ምን ይጠበቃል? ሽታ ውስጥ ነው ያደግሽ።»

ይርጋነሽ ተነሥታ ቆመች። ክንዷ እስከ ክርኑ ቆሽሿል። አንድ ደረጃ ስትወጣ እሱ ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አዎ፣ ሽታ ውስጥ ነው ያደግሁ» አለችው። «አባቴ ግን የገማውን ቆዳ አልፍቶ ሰው የሚተኛበት አጎዛ ያደርገው ነበር። እርስዎ ሰው የሚጠጣውን ውሃ ወስደው ምን እንዳደረጉት ይኸው ወለሉ ላይ ነው። ልዩነታችን ይህ ነው። ድንኳንዎን እዚያው መጋዘንዎ ያኑሩት።»

ወለሉን አድርቀው ሲጨርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሰገነት ደህና እደሪም አላለቻት።

ለሞጣ ጉዞ ልጆቹ በአንድ የወላጅ አይሱዙ ላይ ተሳፈሩ። ድንኳን ስለሌለ በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ወለል ላይ ገለባ ጎዝጉዘው ሊያድሩ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ብሩክታይት ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ እየሮጠች ደረሰች።

«እማዬ ሂጂ ብላኛለች» አለች እያለከለከች። «ቲቸርን አመስግኚልኝ ግን አላለችኝም።»

«ትክክል ናት» አለች ይርጋነሽ፤ እጇን ይዛ ሳበቻት።

ሞጣ ላይ ቆፈሩ። አፈሩ ቀይ ጭቃ ነው፤ ዶማውን ይዞ አይለቅም። የቅኔ ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ከጎጆዎቻቸው በር ሆነው እየተሸማቀቁ ያዩ ነበር፤ ኋላ ኩታቸውን ጥለው አብረው ገቡ። መምህራቸው የኔታ ይታያል በመቋሚያቸው ተደግፈው ጉድጓዱን ቁልቁል አዩ።

«የስካውት ጓድ ይመጣል ሲሉን፣ ይህ ደግሞ ምን ጉድ ነው ብለን ነበር» አሉ። «ጉዱና ጓዱ ሲገናኝ ለካ ጉድጓድ ኖሯል!»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ይርጋነሽም ሳቀች፤ ከደመራው ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። ማታ ንፍሮ ሲታደል ግን ድርሻዋን ለብሩክታይት ሰጠች። ያ የኮሪደር ሽታ ገና አልለቀቃትም ነበር።

ወደ ቢቸና ሲመለሱ ስጦታው ቱቦውን አስቀጥሎ ነበር፤ አፈር ለብሶ እንዳይታይ ተደርጎ፣ ወደ ምንጩ ይበልጥ ቀርቦ። ይርጋነሽ በዚህ ጊዜ ምንም አልደፈነችም። ከቦረቦሩ በታች ያሉትን ቤቶች በር በበር አንኳኳች። ሰገነት በመጀመሪያው ቀን በሯን ዘጋችባት፤ በሌላው ቀን ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሴቶቹ ከምንጩ የቀዱትን ውሃ በጀሪካን በጀሪካን ተሸክመው ሆቴሉ በር ላይ ደረደሩት። ስጦታውን ጠርተው «ና ቅመሰው!» አሉት። የቡና ኩባያ ሁሉ ይዘውለት ነበር። ያን ዕለት የሆቴሉ ደንበኛ ሁሉ ቆሞ ያይ ነበርና ስጦታው እንደ በፊቱ መሳቅ አልቻለም። ኅዳር ሳይገባ ቆፋሪ አስገባ።

ሰገነት ከሥራዋ ተባረረች። አሁን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ድንች ቀቅላ ትሸጣለች፤ ከይርጋነሽ ጋር ሰላምታ እንጂ ወዳጅነት የላቸውም።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ቱቦው ወደ ውስጡ ሲዞር ስጦታው ምረቃ ደገሰ። በሽንት ቤት ጉድጓድ ዙሪያ ሪባን አስዘረጋ፣ ማይክራፎን አስተከለ። «ለከተማችን ንጽሕና ካለኝ ጥልቅ ፍቅር የተነሣ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሸራም ሰቀለ። ስካውቶቹ ካናቴራቸውን ለብሰው ተሰልፈው እንዲያጨበጭቡለት ሰው ላከባት።

የተላከው ሰው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። ይርጋነሽ ሰማቻቸው። ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብላ ምራቋን ተፋች።

«ካናቴራውን ለወለል መወልወያ አድርገነዋል ይበሉልኝ» አለች።

ፊሽካዋን ነፋች። ልጆቹ አካፋና ቡርሽ ይዘው ወጡ። በሆቴሉ በኩል ሳይሆን በታችኛው መንገድ ወደ ምንጩ ወረዱ፤ የምንጩ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ግድግዳ ገና አረንጓዴና አተላማ ነበርና ሊፈገፍጉት። ከላይ ጭብጨባው ተሰማ። «እንዳትሰሙ» አለቻቸው፤ ቀሚሷን ቋጥራም ቀድማቸው ውሃው ውስጥ ገባች።